ለወፎች የሰቀልኋቸው ቀፎዎች

እኔ ቤት ሠርቼለት አልገባም ያለኝ ባለ ክንፍ ፍጥረት የለም! ቀፎዬን በወይራ ጭስ አጥኜ ከሰቀልሁ የጎጃም ንብ ሁሉ የጎረቤቴን ማር ጥላ ወደ እኔ ትገሰግሳለች። ይህን ስናገር ጎረቤቶቼ ሳል ሳል ይላቸዋል፤ ቅናት ነው።

ጣሊያን ከማሳዬ በላይ ያለውን ኮረብታ በመሸገ በዓመቱ ተምች ወረደና ገብሴን ላጨው። ልጆቼ በጎመን ከረሙ። ዘንድሮም ከደገመን ጎመኑም የለም። ታዲያ አንድ ዘዴ ብልጭ አለልኝ! በዛፍ ሽንቁር የሚፈለፍሉት ጥቁር አብረቅራቂ ወፎች ተምች ሲያዩ አይምሩም። ቤት ብሰጣቸውስ?

ስምንት ትንንሽ ቀፎ ከግንድ ቦርቡሬ፣ እንደ ንብ ቀፎ በወይራ አጠንኋቸው። ስድስቱን ማሳዬ መሐል በተከልኋቸው ምሰሶዎች ላይ ሰቀልሁ። የተረፉኝን ሁለቱን በማሳው ጫፍ ባለው የቤተ ክርስቲያን ጥድ ላይ አንጠለጠልሁ።

የቅኔ መምህራችን አይተው ሳቁ።

«አንተ፣ ወፍም ይታጠናል?»

«የኔታ፣ ይቆዩ ብቻ! ሳምንት ሳይሞላ ቦታ ጠበበን ብለው ይደባደባሉ።»

ሳምንቱ ሞላ። ከስድስቱ ባንዱ እንሽላሊት ገባች። እሷም በማግሥቱ ለቀቀች።

በአሥረኛው ቀን የኔታ ከቅጽሩ ተጣሩ፤ «ና! ቶሎ ና!» ፈረስ ቀድሜ ደረስሁ። ከጥዱ ቀፎ ጥቁር ጭንቅላት ብቅ! ሌላዋ ሣር በአፏ ይዛ ጥልቅ! እልልታዬን ለቀቅሁት።

«ዝም በል፣ ታባርራቸዋለህ!» ብለው ጋቢዬን ጎተቱኝ።

ተምቹ መጣ። ወፎቹ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሱ ለቀሙት፤ በጥዱ በኩል ያለው ገብስ ተረፈ። በምሰሶዎቹ በኩል ያለው ግን ተበልቶ አገዳው ብቻ ቀረ።

«ቤቱንስ ሰጠሃቸው» አሉ የኔታ። «ደጁ ግን ምድረ በዳ ነው። የሚያርፉበት ቅርንጫፍ፣ ከጭልፊት የሚሸሸጉበት ቅጠል የታል? እዚህ ማሳህ መሐል በየዓመቱ የሚፈለፍሉበት ሽንቁራም ዋንዛ ነበረ። የት ደረሰ?»

«ጣሊያን ነዋ፣ የኔታ! ለምሽጉ ቆረጠው!»

ለሰው ሁሉ የነገርሁት ይህንኑ ነው። ውሸት ነው። ዋንዛውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ጣሊያን ገና ሳይመጣ፣ በጎረቤቴ ሰፊ አልጋ ቀንቼ፣ ከእሱ የሚሰፋ አልጋ ላሠራበት። አሁንም የምተኛው እዚያው አልጋ ላይ ነው።