ሁለት ጊዜ የተሸጎጠ ጅራት

ግንቦት ዐሥራ አራት ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጋሽ ገልብጥ አንድ ወንበር ዘቅዝቆ፣ መቀመጫውን እስከ ግማሽ ጎንጉኖ፣ የተረፈውን የሸንበቆ ልጥ ባልዲ ውኃ ውስጥ እንደዘፈዘፈ ሞተ። ሥራ ጀምሮ የሚተው ሰው አልነበረም።

ስሙን ያወጣለት ሠፈሩ ነው። የሰው ቤት ሲገባ ሰላምታው ሳያልቅ ወንበር ይገለብጣል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ከጎኑ የተቀመጠችውን ሴትዮ፣ “እስቲ አንዴ ብድግ ይበሉ” ብሎ አስነሣት። እሱ ወንበሯን ገልብጦ ሥሩን ሲመረምር፣ እሷ ትልቅ ሰው የመጣ መስሏት እጅ ነሥታ በር በሩን ስታይ ቆየች።

እንጀራው የሸንበቆ ወንበር መጠገን ነበር፤ ሱሱ ግን ማን እንደ ሠራው ማወቅ። ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ወንበሮች የሠሪ ስም የላቸውም። የፋብሪካ ስም ያለበት ቆርቆሮ ቢለጠፍባቸውም ቀድሞ የሚረግፈው እሱ ነው። ስለዚህ የልጡን ጅራት፣ ጉንጉኑ ሲያልቅ የሚተርፈውን ጫፍ ያያል። አንዱ ይቋጥረዋል፣ አንዱ በምስማር ይመታዋል፣ አንዱ ደግሞ “ከሥር ማን ያያል” ብሎ እንዳንዠረገገ ይተወዋል። ጋሽ ገልብጥ ግን “ፊቱን ማንም ያሳምራል፤ የሰው ጠባይ ያለው ከሥር ነው” ይል ነበር።

የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ወንበሮችን ለሕዝብ ሊያሳይ ሲነሣ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሠሪው ስም እንዲለጠፍ እሱን ጠየቁት። ከአንዱ በቀር የሁሉንም ነገራቸው። ያ አንዱ ባለ ክብ መደገፊያ ወንበር ነው። ጅራቱ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል፣ ድመት መዳፏን ከደረቷ ሥር እንደምትሰበስብ። ይህን እጅ በየቤቱ እያገኘ ዕድሜ ልኩን አድንቆታል፤ ባለቤቱን ግን አያውቀውም። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች “ሠሪው አልታወቀም ብለን እንጻፍ?” ቢሉት፣ “እኔ በቁሜ?” ብሎ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

እሑድ እሑድ የሚስቱ ታላቅ እህት ለምሳ ትመጣለች። ሁሉም እትዬ ይሏታል፤ ከልብስ ስፌት ጡረታ የወጣች፣ አንድ ነገር ሳታዝ የማትሄድ ሴት ናት። እሷና ጋሽ ገልብጥ ከምግብ ይልቅ በነገር ነበር የሚጠግቡት። የዚያን እሑድ ጋሽ ገልብጥ ምግቡን ገፋ አድርጎ ወንበሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

“ግራኝ ነው” አለ። “ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ላጤ ነው።”

“ላጤነቱንም ከሥር አገኘኸው?” አለች ሚስቱ።

“ሚስት ያለው ሰው ለአንድ ጅራት ይህን ያህል ጊዜ ከየት ያመጣል?”

“ስሚው እንግዲህ፣ እትዬ! እኔ ነኝ እጁን የያዝኩት።”

እትዬ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። “ምን ላጤ ላጤ ትላለህ? ይሄ የኔ ነው።”

“ምኑ ነው የርስዎ?”

“ሥራው ነዋ! በልጅነቴ ሁለት ዓመት ሸንበቆ ፋብሪካ አልሠራሁም? ማን ይናገር፣ የነበረ! አለቃችን ሲመሽ መቀስ ይዞ ይዞራል። ወጣ ያለ ጫፍ ካገኘ ከሥሩ ይቆርጠውና ጉንጉኑ ይፈታል፤ ከዚያ እንደገና ሥሪ ነው። ሁለቴ ወሸቅኩትና ተገላገልኩ።”

ጋሽ ገልብጥ እስኪያስለው ሳቀ። “እትዬ፣ እርስዎ በቀኝዎ ነው የሚሠሩት። ይህ ግራኝ ነው።”

“ግድግዳው ነዋ! የሰጡኝ ቦታ ጥግ ነው፤ ቀኝ ክንዴን ባነሣሁ ቁጥር ክርኔ ይላጣል። በግራዬ ለመድኩ።”

አላመናትም። የተቀመጠችበትን ወንበር ጎትቶ በቀኟ ከቁም ሣጥኑ ጋር አጣበቃትና የራሰ ልጥና ጥገና የሚጠብቅ ሌላ ወንበር አስያዛት። “ምግቤ ይቀዘቅዛል፣ አንተ ወንበር አሽታች!” እያለች፣ የቆለመሙ ጣቶቿ አንድ ረድፍ በግራ በኩል ጎነጎኑ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሸጎጡት፤ ደግመው ሸጎጡት። ጋሽ ገልብጥ አጉሊ መነጽሩን ከአዲሱ ጅራት ወደ አሮጌው ሲያመላልስ ቆየና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

“ላጤው አንቺ ነሽ ማለት ነው?” አለች ሚስቱ።

“ላጤስ ነበርኩ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ!”

“ዝምተኛውስ?”

“እሱ ላይ ተሳስቻለሁ” አለ ጋሽ ገልብጥ በቀጭን ድምፅ። ከዚያም ዓይኑ ውኃ ሞልቶ፣ “ስፈልግዎ ስኖር ለምን ዝም አሉኝ?”

“አንተ የፈለግከው ረጅም ወንድ ነው! ደግሞ ወንበር ስትገለብጥ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ጣቴን የበላ ሥራ ነው፤ ምኑን ልየው?”

ስሟን እንዲያጽፍ ሲለምናት እንቢ አለች። “ስሜን ሰቅለህ የአገሩን ስብርባሪ ወንበር ሁሉ ልታሸክመኝ?” ሰባራ ሁሉ ወደ እሱ እንደሚመጣ ማለላት። እህቷም ጨምራ ለመነቻት።

“እሺ” አለች በመጨረሻ፤ “ግን ከነአባቴ ይጻፍ። የዚያ አለቃ ስም ደግሞ በአጠገቤ እንዳይደርስ! ስትመለስም ሽንኩርት ግዛልኝ።”

ድሮ ቢሆን፣ “እግርዎ የት ሄደ?” ይላት ነበር። ረቡዕ፣ በሞቱ ዋዜማ፣ ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ለቤተ መጻሕፍቱ መለሰ። ስሟ ያለበትን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አርሞ፣ በእጁ ወንበሩ ላይ አሰረው፤ ራቅ ብሎ አየው፤ ቀርቦ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሱቅ ገብቶ ሽንኩርቱን ገዛ።

እትዬ በሯ ላይ ቆማ አንድ በአንድ ጨመቀችው። አንዱ ለስልሶ ተገኘ።

“ይሄን ለማን ነው የገዛኸው?”

ጋሽ ገልብጥ የለሰለሰውን ተቀብሎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ከባለሱቁ ጋር ተጨቃጭቆ፣ ጠንካራ ሽንኩርት ይዞላት መጣ። ጨመቀችውና፣ “ይሁን” አለች።