ትንፋሽ ያጣው የናፍጣ ታንከር

ዛሬ ጨፋ ላይ እንግዳችን ሌላ መኪና ልጥራ ብሎ ስልኩን ሲያወጣ ልቤ ቀጥ አለች።

እኔና አጎቴ ሰኢድ አሮጌዋን የናፍጣ ሚኒባስ አልጋና ምድጃ አስገብተን ለመንገደኛ የምትከራይ ቤት አድርገናታል። እንግዳውና ሚስቱ የመጀመሪያ ደንበኞቻችን ናቸው፤ ከከሚሴ ወደ ባቲ እየወሰድናቸው ነበር።

ጨፋ ስንደርስ ግን ሞተሩ ይጠፋል። ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ይጠፋል።

ማጣሪያውን ፈታሁ፣ ንጹህ ነው። ከናፍጣ መስመሩ አየር አስወጣሁ፣ ለውጥ የለም። (መሐንዲስ ነኝ ብዬ ገና በጠዋቱ ማውራቴ ቆጨኝ።)

በመጨረሻ ወደ ታንከሩ ዞርኩ። አጎቴ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ክዳኑን በፌስታል ጥፍንግ አድርጎ አስሮታል! ፈትቼ ስከፍተው «ፉሽሽ» ብሎ አየር ሳበ። ለካ አየር ስላልገባለት ነው ናፍጣው ወደ ሞተሩ የማይሄደው።

«አጎቴ፣ አፍነኸው እኮ ነው!»

«እኔማ ከአቧራ ልጠብቀው ብዬ! አብሽር፣ በል አስነሳት።»

ከዚያ በኋላ አንዴም አልቆመችም፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ባቲ ገበያ ነን፤ እንግዶቹ ግመል እያዩ ነው፣ ወደ ሰንበቴም ውሰዱን ብለውናል።

እናንተንስ መንገድ ላይ ገትሮ ያስጨነቃችሁ፣ ምክንያቱ ሲገኝ ግን ያሳቃችሁ ብልሽት ምን ነበር? ጻፉልኝ፣ ከአጎቴ ጋር እናነበዋለን።