ውኃ የሌለው ቶጎና

ጎባ ውስጥ ወለተ ማርያምን የማያውቅ አልነበረም፤ በገናዋን የሰማ ግን ጥቂት ነው። ጾመ ሁዳዴ ሲገባ ከግድግዳ ታወርደዋለች፣ ለትንሣኤ ዋዜማ መልሳ ትሰቅለዋለች። በቀረው ጊዜ ጌሾና ብቅል ሸጣ የምታድር፣ ለቄስም ለምስለኔም መልስ የማታጣ ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት ሌላ አግቢ ብለው ቢወተውቷት፣ «አንዱንም በስንት ሱባኤ ነው የቻልኩት» ብላ አሰናበተቻቸው።

አባቷ መሪጌታ ተክለማርያም ከመንዝ መጥተው ጎባ የቀሩ ሰው ናቸው። ለልጃቸው መሬት አላወረሱም፤ ሌላ አገር የማይታወቁ፣ ራሳቸው የደረሷቸው ሰባት የበገና ዜማዎችን አወረሷት። አንዱ በተራራው ስም «ሳነቴ» ይባላል። ወደ ደሎ ሲሻገሩ ብርድ ላስቀራቸው ሁለት መንገደኞች የተደረሰ ነው። ከምቱ ዝምታው ይበዛል፤ የማያውቅ ሰው አለቀ ብሎ ሊነሳ ሲል እንደገና ይጀምራል። ሌላው «ይቅርታ» ነው። መሪጌታው ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተኳርፈው በታረቁ ጊዜ ደረሱት፤ ግን የመሪጌታው አመል ተጋብቶበት ነው መሰለኝ፣ ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ ይቆጣል።

«ቶጎና» የሚባለው ግን ከሁሉም ይለያል። የወለተ ማርያም ታላቅ ወንድም ብዙነህ በዘጠኝ ዓመቱ የቶጎናን ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውኃ ወሰደው። ሬሳውን ከድንጋይ ሥር ያወጣው ጎረቤታቸው ቱሉ ነበር። መሪጌታው እስከ ጾሙ ድረስ ከሰው ሳይነጋገሩ ከረሙና ይህን ዜማ ይዘው ብቅ አሉ። ቃሉ ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፦

ውኃስ ይመለሳል ክረምት በመጣ ቁጥር፤
ሰው ብቻ ነው እንጂ የሚቀረው ካፈር።

የቀረውን የሚናገረው በገናው ነው። በገና ሲመታ የሚነዝረው፣ በአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው እንጨት፣ በበርኩማው፣ መካከል በምትገባ ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ነው፤ እንዚራ ትባላለች። በሌሎቹ ዜማዎች እንዚራ አጃቢ ናት። በ«ቶጎና» ግን ወንዙ ራሷ ናት። መሪጌታው ቆዳዎቹን አንድ በአንድ እየገፉና እየሳቡ፣ ውኃው ከሩቅ ተነሥቶ ደጃፍ ድረስ እንዲመጣ አድርገው ቃኙት።

ወለተ ማርያም ዕድሜ ልኳን ተማሪ ፈልጋ አጣች። የደብሩ ልጆች ቅኔ እንጂ በገና አላማራቸውም፤ የከተማው ልጆች ጸሐፊነት ነው የሚያልሙት። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ቁርጥማት ጣቶቿን ይዞ ያጣምማቸው ጀመር። ያኔ ፈራች። «እኔ ስሞት ብዙነህ ሁለተኛ ይሞታል» አለቻት ለሃጂራ። ሃጂራ የቱሉ ልጅ ናት፤ ከባሏ ከወዚር ጋር ጨውና ላምባ ይሸጣሉ፤ ከቱሉ የወረሱት ቤታቸውና የወለተ ማርያም ቤት በአንድ ግድግዳ የሚለያይ ነው።

በዚያው ዓመት ሁዳዴ አቶ ኃይለመስቀል የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። የአገር ዜማ የሚያሰባስብ ኮሚቴ የላከው ነው፤ ድምፅ መቅጃውን በበቅሎ አስጭኖ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ወለተ ማርያም ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ቆሎ አቀረበች፣ ነጠላዋን ቀየረች፣ ከሰባቱ «ቶጎና»ን መርጣ ተቀመጠች።

ገና አንዱን ዙር ሳትጨርስ ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው አነሳ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የሚነዝረው ነገር ምንድን ነው?»

«እንዚራው ነዋ፣ ልጄ።»

«ማሽኑ እንደ ብልሽት ነው የሚወስደው። አለቆቼ ቴፑ ተበላሽቷል ይሉኛል። ሊነሳ ይችላል?»

አይነሳም ማለት ነበረባት። ግን መንገድ ያንገላታው እንግዳ፣ በዚያ ላይ የተማረ፣ በዚያ ላይ ቆሎዋን የቀመሰ! መልስ የማታጣው ሴት «ይሁን» አለች። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ደፋርን ይመርጣል። የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ንዝረቱን አዲስ አበባ ሲደርስ በማሽናቸው ይመልሱት ይሆናል ብላም ራሷን አጽናናች። ቆዳዎቹን እያወጣች በመሐረብ ቋጠረች፤ «ቶጎና»ን ያለ ውኃ መታች። ኃይለመስቀል እጅ ነሥቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

ሐምሌ ላይ የወዚር ሬዲዮ የባሌን በገና ደርዳሪ አሰማ። በክረምት በገና ሲሰማ የሰፈሩ ቄስ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ሱቁ ግን ጢም ብሎ ሞላ። ወለተ ማርያም ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ጣቶቿ ጌሾ መቆንጠርም አቅቷቸዋል። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። ጥርት ማለቱ ነው የገደላት። ሰዉ አጨበጨበ፣ «እሰይ! ጎባ በሬዲዮ!» አለ። እሷ አንገቷን ደፋች።

ያላጨበጨበችው ሃጂራ ብቻ ናት። የጨው መስፈሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች።

«ኤኙ? ይቺ ማናት?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ወላሂ አይደለሽም። ውኃው የታል? ቢሻኑ የታል?»

ወለተ ማርያም እንባዋ ገነፈለ። «በእጄ አወጣሁት፣ ሃጂራ። ሰው አፍሬ፣ ወንድሜን በገዛ እጄ አወጣሁት። አሁን ጣት የለኝ፣ በምን ልመልሰው?»

ወዚር ሬዲዮውን ዘጋው።

ሃጂራ መስፈሪያውን አስቀመጠች። «አባቴ ሁልጊዜ በጾማችሁ ከግድግዳው ሥር ይቀመጥ ነበር» አለች። «መቁጠሪያውን ይዞ። ‹ያንን ልጅ ያወጣሁበት ውኃ ነው፣ ዝም ብለሽ ስሚ› ይለኝ ነበር።» ከዚያ ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀመረች። ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ነዘረ፤ ከሩቅ ተነሣ፣ ቀረበ፣ ደጃፍ ደረሰ። እያንዳንዱ ዙር፣ መሪጌታው ቆዳዎቹን የሳቡበት ቦታ ሁሉ ሳይቀር ነበረ። ቃል ብቻ የለውም፤ ቃሉ በግድግዳው አላለፈም።

ወለተ ማርያም የደፋችውን አንገት ቀና አድርጋ ወደ ሃጂራ ዞረች።

«አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ስፈልግ!» አለች።

«አልጠራሽኝማ» አለች ሃጂራ። «በይ አሁን ቃሉን ንገሪኝ።»