የታደለ ጥሎ ማለፍ

ባለፈው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ለቅሶ ላይ ነበርን። የእድራችን ድንኳን ከእኔ ዕድሜ ትበልጣለች ብዬ እጠረጥራለሁ፤ የተጣፈባት እራፊ ከሸራዋ ይበዛል። ነሐሴ ደግሞ ነሐሴ ነው። ውኃው ሸራው ላይ ተጠራቅሞ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ታች ሲንዘረጠጥ፣ አንዱ ተነሳና በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ገፋ አደረገው። ከድንኳኑ ጠርዝ ግማሽ ጣና ወረደ። ካርታ የያዙት ሰዎች ከጨዋታው ሳይነቀሉ እግራቸውን ብቻ ሰበሰቡ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰለሞን ንፍሮውን እያላመጠ፣ “ያን ቀንም እንዲህ ነበር የወረደው” አለኝ።

የትኛውን ቀን ብዬ አልጠየቅኩትም። የሞተው ታደለ ነው፤ በታደለ ለቅሶ ላይ “ያን ቀን” ከተባለ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰለሞን ቀጥሎ ምን እንደሚል እንኳ አውቃለሁ። ዳኛው ማቆም ነበረበት ይላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህችኑ ብሏል። ሚስት ሲያገባ ብሏታል፣ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ብሏታል፣ ሲሞትም ከኑዛዜው በፊት የሚላት ይመስለኛል።

ያን ጊዜ ገና አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ክረምት ሲገባ ትምህርት ይዘጋና የሰፈሮች ዋንጫ ይጀመራል። ሜዳችን ከእንጦጦ ሥር ነበረች። ሜዳ የምላት ለክብሯ ብዬ እንጂ ዳገት ናት። የላይኛው በረኛ የታችኛውን በረኛ የሚያየው ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው። ኳስ ወደ ታች ከተለጋች ስድስት ኪሎ ደርሳ ትራፊክ ፖሊስ ነው የሚይዛት እንል ነበር። በዳሯ ባሕር ዛፍ ተሰልፏል፤ ከዛፎቹ ሥር በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ጃንጥላቸውን በድንጋይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታና የበቆሎ ጭስ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገቡ እስከ ዛሬ ያቺ ሜዳ ትመጣብኛለች።

ታደለ የሽሮ ሜዳ ቡድን በረኛ ነበር። አባቱ አባባ ዋዳ ሸማኔ ናቸው፤ ከጋሞ በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ የከረሙ። ታደለም የሸማኔ እጅ ነበረው። ገና በሕፃንነቱ መወርወሪያውን በድሩ መሀል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲቀባበል ያደገ እጅ ነውና ኳስ ለእሱ ከመወርወሪያ የወፈረች ነገር ብቻ ናት። ዝንብ በሁለት ጣቱ ይይዝና ምክር ሰጥቶ ይለቃታል እያልኩ አዲሱ ገበያ ድረስ አስወርቼለት ነበር። ያመኑኝም አሉ።

እህቶቹ ይፈትላሉ። ሽመናው ግን የወንድ ነው፤ በቤቱ ደግሞ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። የአባባ ዋዳ ጉልበት በሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መርገጫ በመርገጥ አልቋል። ስለዚህ ያን ክረምት ለልጃቸው ቁርጡን ነገሩት። የአንድ ትልቅ ክለብ አሠልጣኝ ለፍጻሜው ጨዋታ ሊመጣ ነው፣ ስለ በረኛውም ጠይቋል የሚባል ወሬ ነበር። አባባ ዋዳ ይህን ሰምተው፣ እኛው ፊት፣ በራቸው ላይ ቆመው፣ “ካለፍክ ሂድ፤ እግርህን አልይዝም። ካላለፍክ ግን ከመስቀል በኋላ ጉድጓድህ ትገባለህ” አሉት። ታደለም እሺ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው ነገሩ። እኛ ዋንጫ ነበር የምናስበው። እሱ የሚያስበው ስለ እግሮቹ ነበር።

ግማሽ ፍጻሜው ከአዲሱ ገበያ ልጆች ጋር ሆነ። ጥሎ ማለፍ ነውና የተሸነፈ ወደ ቤቱ፣ ያሸነፈ ወደ ፍጻሜ። ያን ቀን አባባ ዋዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከጋቢው በላይ ላስቲክ ደርበው፣ ከልጃቸው ጎል ጀርባ ቆሙ። እኔና ሰለሞን ሄደን ሰላም ስንላቸው ጨዋታው እንዴት እንደሆነ ጠየቁን። ጥሎ ማለፍ ነው አባባ አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

እስከ ዕረፍት አንድ ለዜሮ መራን። ከዕረፍት መልስ እንጦጦ ጠፋ። ማለቴ ደመናው ተራራውን ዋጠው፤ ቀጥሎ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ የአዲሱ ገበያን አጥቂዎች ዋጠ፤ ለእሱ እንኳ አልተከፋንም። ዝናቡ ይወርዳል አይባልም፣ ይደፋል። ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ኳሷን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከዛፍ ሥር ገባ። ጨዋታው ከቆመ በማግስቱ ከዜሮ ይጀመራል ተባለ። ከዜሮ! አንድ ጎላችን በውኃ ሊታጠብ ነው። ሰለሞን የበቆሎ ሻጯ ሳጥን ላይ ወጥቶ፣ ውኃ በአፍንጫው እየወረደ፣ “ፀሐይ ነው! ፀሐይ ነው!” እያለ ያስጨፍር ጀመር። እኛም ተቀበልን። የአዲሱ ገበያ ደጋፊዎች በበኩላቸው ሰው ይሞታል፣ ጨዋታው ይቁም ብለው ለመኑ። እኛ በዝተን ስለነበር፣ ሰፈሩም የእኛ ስለነበር፣ ዳኛው ዙሪያውን አየና ወደ ሜዳው ተመለሰ።

ኳሷ ኩሬ ውስጥ ትቆማለች፤ ተጫዋቹ ይለጋል፤ ውኃው ይሄዳል፣ ኳሷ ትቀራለች። እንዲህ ስንል ተከላካያችን ባልዲ ሙሉ ጭቃ ወደ መሀል ሜዳ አሻገረና ኳሷን ለአጥቂያቸው ትቶለት ሄደ። አንድ ለአንድ። ይሄኔ ሰለሞን እዚያው ሳጥን ላይ ወጥቶ፣ ሰው ይሞታል እኮ፣ ይህ ዳኛ ልብ የለውም እንዴ ይል ጀመር። ከማዶ ደግሞ የአዲሱ ገበያ ሰዎች “ፀሐይ ነው! ፀሐይ ነው!” ይላሉ። ሳቅን። አልዋሽም፣ በዚያ ሰዓት እንኳ እየሳቅን ነበር።

ከዚያ በረዶ ጣለ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከአዲሱ ገበያ ልጆች አንዱ ከመሀል ሜዳ፣ ለሰላምታ ያህል፣ አንዲት ከፍ ያለች ኳስ ላከ። ታደለ ሁለት እርምጃ ወጣ፣ ዘለለ፣ በሁለት እጁ ያዛት። ይዟታል። ይህን አጋንኜ አይደለም የምናገረው፤ ደረቱ ላይ አድርጓት ነበር። መሬት ሲነካ እግሩ ሸሸ፣ ክርኑ ጭቃውን መታ፣ ኳሷ እንደ ሳሙና ተሙለጭልጫ በትከሻው ላይ አልፋ፣ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ መስመሩን ተሻገረች። አባቱ እግር ሥር ቆመች።

ፊሽካው ሲነፋ ሜዳው ላይ የሚሰማው የበረዶው ድምፅ ብቻ ነበር። ታደለ ጭቃው ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን ቆምን። አባባ ዋዳ ላስቲካቸውን እየጎተቱ በመሀላችን አልፈው ልጃቸው ፊት ቆሙ። አዩት፣ እኛንም አዩን።

“ጥሎ ማለፍ ነው ብላችሁኝ ነበር አይደል?” አሉ።

አዎ አልናቸው።

ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ጥለሃል፤ አይቻለሁ። ታዲያ ጥለህ አለፍክ ማለት ነው?”

እግዚአብሔር ይመስክር፣ በሕይወቴ ያለ ቦታው ሳቅ ያልመጣብኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ታደለ ቀና ብሎ አባቱን ረጅም ጊዜ አያቸው። ጭቃው በቅንድቡ ላይ ይወርዳል።

“አይደለም አባባ” አለ። “የጣልኩት እኔ ነኝ። ያለፉት እነሱ ናቸው።”

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከላያቸው አውልቀው አለበሱትና ዳገቱን አብረው ወጡ።

መስቀል መጣ፣ አለፈ። ታደለ ጉድጓዱ ገባ። በዚያ በኩል ሳልፍ የሸማ ዕቃው ምት ይሰማኛል፤ ቆም ብዬ በመስኮቱ ሳንጠለጠል ቀና ይልና ስለ ሰፈሩ ወሬ ይጠይቀኛል፤ ስለ ኳስ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ሜዳዋም ላይ ዳግመኛ አልታየም። ጎበዝ ሸማኔ ወጣው። የሠርጌን ጋቢ የሠራልኝ እሱ ነው፤ እንዳለች ናት፣ እኔ ነኝ ያረጀሁት። አሠልጣኙ ለፍጻሜው መጣ፣ አልመጣም እያሉ የሚምሉ ሰዎች አሉ። እኔ ፍጻሜውን አላየሁም፤ ዝናብ ነበር።

የአባባ ዋዳ ጥያቄ ግን ሰፈሩ ውስጥ ቀረች። ፈተና የወደቀ ልጅ ሲገኝ፣ ብርጭቆ ከእጁ ያመለጠው አስተናጋጅ ሲደነግጥ፣ “ታዲያ ጥለህ አለፍክ ማለት ነው?” እንላለን። እኔ ደግሞ ሳወራት ድምፃቸውን እያስመሰልኩ፣ ጋቢውን እያጣፋሁ፣ በረዶውን የሎሚ ያህል፣ ቀጥሎም የብርቱካን ያህል እያሳደግኩ ነው። በዚህች ጥያቄ ስንት ሻይ ተጋብዣለሁ።

ከድንኳኑ ወጥቼ እግሬን ላፍታታ ስል አባባ ዋዳን ከቤታቸው ጣሪያ ክፈፍ ሥር ብቻቸውን አገኘኋቸው። ወንበር አውጥተው ዝናቡን ያያሉ። ሰማንያን ዘለዋል። ሻይ አስመጣሁላቸውና አጠገባቸው ቆምኩ። ዓይናቸው ደክሟልና ማን ነህ አሉኝ፤ ነገርኳቸው።

“ቀልደኛው” አሉ። “ያቺን ጥያቄዬን አዲሱ ገበያ ድረስ ያዳረስካት አንተ ነህ አሉ።”

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ስጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

“እኔ እኮ ነጠላ የምሸጠው በአማርኛ ነው” አሉ። “አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ከስንቷ ወይዘሮ ጋር ስከራከር ኖሬ፣ ጥሎ ማለፍ ምን እንደሆነ የጠፋኝ ይመስልሃል?”

“ታዲያ ለምን ጠየቁ አባባ?”

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙ። “ካለፍክ ሂድ፣ ካላለፍክ ግባ ብዬው ነበር። በሰው ፊት። አባት ቃሉን አያጥፍም። መሞኘት ግን ይችላል። ‘አዎ አባባ፣ ጥዬ አልፌያለሁ’ ቢለኝ፣ ይሄ የከተማ ሰው ሁሉ ይሳቅብኝ፣ መርቄ እለቀው ነበር። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው የጠየቅኩት። በር ከፍቼ ነው የቆምኩለት።”

“አልገባውም ነበር?”

“መግባቱንማ ገባው። ገብቶት ነው እንደዚያ ያለኝ። አባቱን በሰው ፊት ሞኝ ማድረግ አልፈለገም።”

ከድንኳኑ ውስጥ የሰለሞን ድምፅ ይሰማል፤ ለአንድ ጎረምሳ የዳኛውን ጥፋት ያስረዳዋል። በማን ላይ ስንፈርድ እንደኖርን አሰብኩ። በዝናቡ፣ በጭቃው፣ በዳኛው። ጨዋታውን አየን ስንል እነዚህ ሁለቱ ፊታችን ምን እንደተባባሉ እንኳ አልሰማንም። ኋላስ ልጃቸውን ጠይቀውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“ምን ብዬ?” አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ኳስ አላውቅም። ያየሁት ያቺን አንዷን ቀን ነው፣ እሷንም በዝናብ። ታደለ ጥሩ ነበር? ወይስ እንደማንኛውም ልጅ ነው?”

ፊታቸውን አየሁ።

“ጥሩ ነበር አባባ” አልኩ። “ያኔ እንደሱ ያለ አልነበረም። ከዚያ ወዲህም አላየሁም።”

ሻዩን ሳይቀምሱት መልሰው ሰጡኝ።

“እኔ ደግሞ፣ እንደማንኛውም ልጅ ነበር እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ” አሉና፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነስተው ወደ ቤት ገቡ።

ማንም ሳይጠይቀኝ ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። በረዶን ብርቱካን አድርጌአለሁ፣ ዝንብን አስመክሬአለሁ። አንዲት ትንሽ ውሸት የምታስፈልግበት ቀን በስንት ዘመኗ ስትመጣ ግን፣ ቀዝቃዛ ሻይ ይዤ ክፈፍ ሥር ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ።