ገቢር ማለት መሥራት ነው

ልጄ አዳማ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የቆዩ ተውኔቶችን አጥንታ ለስልኳ ካሜራ ታብራራለች። «ገቢር ሦስት» ስትል፣ ደራ ከተማ በአባቴ ግቢ የነበረው የሽንኩርት ክምር ሸተተኝ።

እኔም በተማሪነቴ ተውኔት እያጠናሁ ለአባባ አስረዳ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለነበራቸው «ገቢር» ባልኩ ቁጥር ያቋርጡኛል።

«ገቢር በግዕዝ መሥራት ነው። አንቺ ግን ታወሪያለሽ! ተነሺና የበሰበሰውን ሽንኩርት ለዪ።»

«አባባ፣ መጨረሻውን ይስሙኝ እንጂ!»

«ለይተሽ ነዪ፤ እሰማለሁ።»

ለይቼ ስመለስ ጸሎት ጀምረዋል። አንዱንም ተውኔት እስከ መጨረሻው ሳይሰሙኝ አረፉ። ስላስተማሩኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህ ግን ዛሬም ያበሽቀኛል።

«እማ፣ መጨረሻው ደረሰ፤ ቁጭ በይና ስሚኝ» አለችኝ ልጄ።

«ወጡ አረረ እኮ!» አልኳት፣ ቁጭ እያልኩ።