ወንድ ልጆቿን የበላችው ሴት

ልጅ ሳለሁ አያቴ የሚያወሩት ተረት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን አሳምረው አያውቁትም። አካኮ እንላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋ ላይ ባለው ማሳችን፣ ወፍ ከሚጠበቅበት ማማ ሥር እሳት ይነድዳል። ፀሐይ ጠልቃ ወፉ ሲሰፍር አባዬ፣ አጎቴ እንድሪስ፣ እማዬ፣ ታናሽ እህቴና እኔ እሳቱን ከበን እሸት እንጠብሳለን። ያኔ የአገዳው ጭስ ዓይን እያስለቀሰ፣ ፍሙ በሂና የቀላውን የአካኮን ጺም እያበራ፣ ከማማው እግር ላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ በነፋስ እየተወዛወዘ፣ እሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይጀምራሉ።

«በድሮ ጊዜ አንዲት ሴት ነበረች» ይላሉ። ሴትዮዋ ሾተላይ ነበረባት። ሾተላይ፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ በሴት ጥላ ውስጥ የሚኖር እባብ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ አይቶ ይተኛል፤ ወንድ ሲወለድ ግን ይነሣና ይልሰዋል። ሦስት ወንዶቿ ተልሰው ሞቱ። ባሏ ብልህ ነበርና ሰደዳት፤ ሌላ አገባ፤ አዲሷም ሰባት ወንድ ወለደች። አለቀ። ተረት ተብዬው ይኸው ነው። የተሰደደችው ሴት የት እንደ ደረሰች የጠየቀ አልነበረም፤ አካኮም ቢጠየቁ አያውቁም።

እማዬ ሦስት ወንዶች ቀብራለች። ሦስቱም በሳልና በተቅማጥ፣ ዓመት ሳይሞላቸው። እህቴና እኔ ግን ጉንፋን እንኳ የማይበረታብን ጤነኞች ነበርን። አካኮ «ሰባት ወንድ» ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ወደ እማዬ ይወረውራሉ፤ አጎቴ «ወላሂ፣ ባልየው ወንድ ነው!» ብሎ ጭኑን ይመታል። እኔም እስቃለሁ። ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ፈሪ ልጅ ነበርኩ፤ ድምፄ የሚሰማው በዚያ ሳቅ ብቻ ነበር። ደኅና አድርጎ ለሳቀ ልጅ አካኮ ጥሩ የተጠበሰውን እሸት «ጀባ!» ብለው ይሰጡ ነበርና። ለአንድ ራስ ማሽላ ብዬ በእናቴ ስቄያለሁ። አካኮን እንቃቸዋለሁ፤ ከእሳቸው በፊት ግን ያቺን ልጅ እንቃታለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አራተኛው ወንድ፣ ሰዒድ፣ ተወለደ። እስከ ስድስት ወሩ ወፍራምና ሳቂታ ነበር። ከዚያ ጆሮው መግል ያዘ፤ ቀጥሎ ሳንባው ታመመ፤ ዳነ ሲባል ያገረሽበታል። እማዬ አዝላው እኔን አስከትላ ደሴ ሆስፒታል ሄደች። የባቲ ገጠር ልጅ ናት፤ አማርኛዋ አጭር ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ነበርኩ።

በእኛ ቤት በአሥር ዓመት ማንም ያልጠየቃትን ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ ጠየቃት። የሞቱት ስንት ናቸው? ስንት ወር ሲሆናቸው ታመሙ? ወንድሞችሽስ? እማዬ ሁለት ወንድሞች ነበሯት፤ ሁለቱም ጡት ሳይጥሉ ሞተዋል። የሰዒድን ደም ወስዶ ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ ወደ እኔ ዞረ።

«ማሽላ ትጠብቃላችሁ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«የዚህ ልጅ ሰውነት ውስጥ ማማው አለ፤ ማማው ላይ ግን ሰው የለም። በሽታው እንደ ወፍ እንደ ልቡ ይገባል። ስድስት ወር የጠበቀው እናቱ በሆዷ ሳለ የሰጠችው ጠባቂ ነው፤ እሱ አሁን አለቀ። የሞቱትም እንዲሁ ሳይሆኑ አይቀርም። በእናት በኩል በዘር የሚመጣ ነው። እሷን አያማትም፣ መኖሩንም አታውቅም፤ ወንዶቹን ነው የሚያማቸው። ጥፋቷ አይደለም፣ በያት።» ቀጥሎም ከሰው ደም የሚዘጋጅ መድኃኒት እንዳለ፣ በየወሩ በመርፌ እንደሚሰጥ፣ እስከዚያው የሚያስል ሰው ሕፃኑን እንዳይጠጋና እንዳይስመው ነገረን።

ይህን ሁሉ ተረጎምኩላት። ሰዒድን እማዬ አዝላው ወደ ከሚሴ ተመለስን። ማታ አባዬና አካኮ ሲጠይቋት መሬት መሬት እያየች «ከእኔ ነው አሉ» አለች። የቀረውን አልጨመረችም። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር፤ የቀረውን አውቃለሁ፤ አፌ አልተከፈተም።

«አላልኩም?» አሉ አካኮ። «ይኸው፣ ሐኪምም መሰከረ!» ዕድሜ ልካቸውን ሐኪም ሲሳደቡ የኖሩ ሰው ያን ዕለት ሐኪም ወደዱ። አባዬን «ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ከነጋዴዎቹ ጋር ወደ ቤተሰቦቿ አሳፍራት። ልጁ ይቀራል፣ የላም ወተት መች ጠፋ» አሉት። አባዬ በእንጨት መሬት እየጫረ ዝም አለ። ሰው ዝምታውን ትሕትና ይለው ነበር። እኔ ፍርሃት መሆኑን ያኔ አወቅሁ፤ የወረስኩት ከእሱ ነበርና።

እሑድ አመሻሽ ላይ ማማው ሥር ተሰበሰብን። አካኮ ሳል ይዟቸዋል፤ ተረቱን እያቆራረጡ አወሩት። «ሰባት ወንድ» ብለው እማዬን አዩ። እኔ አልሳቅሁም።

«እስቲ ያን ልጅ አምጪው፣ ልመርቀው» አሉ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ ይላል። እማዬ እንደ ወትሮዋ ታዘዘች፤ ሰዒድን አቅርባ ያዘችላቸው። አካኮ ጎንበስ አሉ፣ ሳሉ፣ «ቢስሚላህ፣ እደግ!» አሉና እንትፍ! እጄ መቼ እንደ ተነሣ አላውቅም። የሰዒድን ፊት ሸፍኖ ነበር። ምራቃቸው በእጄ ጀርባ ላይ ሞቅ ብሎ አረፈ።

«ሱብሃነላህ!» አለ አጎቴ። «ይች አይጥ ምርቃት ትከለክላለች?»

«ምን ነካሽ?» አለ አባዬ።

«አካኮ ያስልዎታል» አልኩ፤ ለራሴም በግድ ነው የተሰማኝ። «ሐኪሙ የሚያስል አይጠጋው ብሏል። እባብ የለም። ሰውነቱ ጠባቂ የለውም። ስድስት ወር የጠበቀችው እማዬ ናት።»

«ከእሷ ነው ብላ የለ እንዴ ራሷ?» አለ አጎቴ እየሳቀ።

«በሽታውም ከእሷ ነው፣ ጠባቂውም ከእሷ ነው። እናንተ ግን ምን ሰጣችሁት?»

አካኮ ጺማቸውን ጠረጉ። «ሐኪሙ ተረት ነግሯት ነው» አሉ። በፍሙ ብርሃን ሳያቸው ጺማቸው በምራቅ የረጠበ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ይህን ሰው ነው ስፈራ የኖርኩት።

አባዬ እንጨቱን እሳቱ ውስጥ ጣለና ተነሣ። ሰዒድን ተቀብሎ እማዬን በኦሮምኛ «ካኢ» አላት፤ ተነሺ ማለቱ ነው። ሰኞ የባቲ መኪና እማዬን ሳይዝ ሄደ።

አካኮ ሞተዋል፤ አላህ ይማራቸው፤ ተረታቸውን ግን እኔ አልምርም። ሰዒድ ስምንት ዓመቱ ነው። መድኃኒቱ በሚጠፋበት ወር በራችን ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ያሳለ ሁሉ፣ ሼህም ቢሆን፣ ይመለሳል።

ያን ቀን ሐኪሙ ከተናገረው አንድ ነገር ለእማዬ አልተረጎምኩላትም። «አንቺም ሳያምሽ በዘር ይዘሽው ሊሆን ይችላል፤ ስታድጊ ተመርመሪ» ብሎኝ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን አልተመረመርኩም። አንድ ቀን እኔም ወንድ ልጅ ወልጄ ቢታመምብኝ፣ አንዱ ማማ ሥር ጉሮሮውን ጠርጎ «በድሮ ጊዜ አንዲት ሴት ነበረች» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ነበረች። ልጆቿንም ስድስት ስድስት ወር ብቻዋን ጠብቃለች።