አባቴ የመሰከረ ዕለት

ባለፈው ሚያዝያ የወላጆቼን ቤት ቆርቆሮ ልናስለውጥ ዕቃ ስናወጣ፣ የአባቴን ሬዲዮ የቆዳ ልብስ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ወድቆ አገኘሁት። ሬዲዮው ራሱ ከጠፋ ቆይቷል። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን ያ የድሮ ሽታ፣ የቆዳና የባትሪ ድብልቅ፣ አሁንም አልለቀቀውም። እዚያው ቁጭ አልሁ። ሠራተኞቹ ከላይ ምስማር ሲነቅሉ ይንኳኳል፤ እኔ ግን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ጣቢያ ሲፈልግ ሬዲዮው የሚያሰማውን እሽሽ የሚል ድምፅ እሰማ ነበር።

ቤታችን ጎንደር ከተማ፣ ከአንድ ደብር ቅጥር ግርጌ ነበር። አባቴ የደብሩ መሪጌታ፣ የዜማ መምህር ነው። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የተማሪዎቹ ድምፅ ነበር፤ አንዱ ሲስት አባቴ ሳይቆጣ በመቋሚያው መሬቱን መታ ያደርጋል፣ ልጁም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ብርሃኑ በቅጥሩ ጥዶች መካከል ተሸንሽኖ በመስኮታችን ይገባል። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ያደረ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ የረጠበ ጥድ ይሸታል። አሁን ጥዶቹ አብዛኞቹ ተቆርጠዋል።

ዜናውን የሰማነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹ ከተበተኑ በኋላ ነው። የወደቀው መንግሥት ሹማምንት ሊከሰሱ ነው አለ ሬዲዮው፤ አገር ጥሎ የሸሸው መሪያቸውም በሌለበት ይከሰሳል። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን ከጭኗ አወረደችና፣

«ሰውየውን ሊጠይቁልን ነው?» አለች።

አባቴ ሬዲዮውን ዘጋው።

ስለ ወንድሜ ነበር የምትጠይቀው። እኔ መልኩን እንኳ አላስታውስም፤ ሲወስዱት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። ተማሪ ሁሉ በሚታደንበት በዚያ ዘመን አንድ ቀን ታጣቂዎች ከደጃፋችን ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እናቴ ግን አምልጦ ሱዳን ገብቷል ብላ ታምን ነበር። የገቡም ስለነበሩ ደፍሮ የሚከራከራት አልነበረም። የመተማ አውቶቡስ በሚደርስበት ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ መናኸሪያ ትወርዳለች። ትንሽ ሳለሁ እኔንም ይዛኝ ትሄድ ነበር። ናፍጣው ይሸተኛል፤ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፤ አቧራ የለበሱ ሰዎች አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ሰው እየወረደ ሲሄድ የእናቴ እጅ እጄን እያጠበቀ፣ እያጠበቀ ይሄድና፣ የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ይላላል። ዛሬ ይህን ያህል ዕድሜ ቆጥሬ እንኳ አውቶቡስ ሲቆም ካየሁ እጄን የሚይዘኝ ሰው ያምረኛል።

ስለ ተዝካሩ ማንሳት ክልክል ነበር። አንዲት ጎረቤት ብታነሳባት «በሕይወት ላለ ልጅ ምን ተዝካር ይወጣል?» ብላ ብዙ ጊዜ አኩርፋታለች።

ከዚያ ዜና በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። ቃል የሚቀበል መርማሪ ጎንደር መጥቶ ቢሮ ከፍቷል፤ እናቴ እንሂድ ትላለች፣ አባቴ እንቢ ይላል።

«ሰውየው ባሕር ማዶ ተቀምጧል» ይላታል። «በሌለበት ተከሰሰ ቢሉት፣ ተፈረደበት ቢሉት ምን ያገኘዋል? ለእግዚአብሔር መስጠት ነው።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል» አለችው አንድ ቀን። «የማላውቅ እኔ ነኝ።»

ያ መሪ እንዲታሰር ወይም እንዲሞት ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም። የሷ ሐሳብ ሌላ ነበር። አዛዡ እሱ ከሆነ ልጆቹን የት እንዳደረሳቸው ያውቃል፤ ከተከሰሰ ይጠየቃል፤ ከተጠየቀ ይናገራል። በቃ ይኸው ነው። እኔ በዚያ ጊዜ ትምህርት የጠገብሁ መስሎኝ ስለ ሕግ አፌን ሞልቼ የምናገር ልጅ ነበርሁ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ንግግራቸው ሲካረር ከመካከል ገባሁ።

«አባባ፣ እርስዎ ስለሚፈሩ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለዎትም!» አልሁት።

እናቴ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ ግን አልተቆጣም። ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና፣ «እውነትሽን ነው» አለኝ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወጣ። ወደ ደብሩ የሚወስደውን ዳገት ቀስ ብሎ ሲወጣ በመስኮት አየሁት፤ ከጀርባው ሲታይ በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰለኝ።

በሳምንቱ አጎቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ባቄላ ጭኖልን መጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ገበሬ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሲቀመጥ መደቡን የሚሞላ። እናቴ ሆዷን ለሱ ገለጠችለት። እሱም እስከ መጨረሻው ሰምቷት ወደ አባቴ ዞረ።

«ምነው የኔታ? ሰውየው ተይዞ ቢቀርብ ሸጋ ነበር። ባይቀርብስ እሷ ቃሏን ብትሰጥ ምን ይጎድላል?»

አባቴ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲያው ነገ እኔ እወስዳታለሁ» አለ አጎቴ።

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን። ቢሮው በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ቤት ነው፤ ግድግዳው ቢጫ፣ ወለሉ በእግር ብዛት የለሰለሰ፣ ውስጡ የካርቦን ወረቀት የሚሸት። መርማሪው ወጣት ነበር። እናቴ ስትገባ ተነስቶ ወንበር ሳበላት። ስሟን ጻፈ፣ የልጇን ስም ጻፈ፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣

«እናቴ፣ ልጅዎ ሲገደል ወይም ከተገደለ በኋላ ያየ ሰው አለ?» አላት።

«ተገደለ ማን አለ?» አለች። «እኔ የመጣሁ የት እንዳለ ያን ሰውዬ እንድትጠይቁልኝ ነው።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዋናው ተከሳሽ በእጃቸው እንደሌለ፣ ሊጠይቁት እንደማይችሉ፣ እዚህ የሆነውን ግን በምስክር ማስረዳት እንደሚችሉ ነገራት።

«ሳትጠይቁት ልትከሱት?» አለችው። በድምፅዋ ቁጣ የሚባል አልነበረም። የገረማት ነበር የምትመስለው። መርማሪው እኔን አየኝ። ያን ያህል የለፈለፍሁ ልጅ ዓይኔን ወደ በሩ አሸሸሁ።

ያን ጊዜ ነው በሩ ላይ አባቴን ያየሁት። ነጭ ጋቢውን ለብሷል፣ ጥምጥሙን ጠምጥሟል፤ ለበዓል የሚለብሰው ነበር። ከኋላችን ተከትሎን መጥቶ ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም።

«ያየሁ እኔ ነኝ» አለ።

መርማሪው ወንበር ቢሰጠው አልቀመጥም አለ። ቆሞ፣ እናቴን ሳያያት፣ ነገረው። ልጁ በተወሰደ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ወደ ደብሩ ሲሄድ መንገድ ዳር አምስት ልጆች ተጥለው አገኘ። ታጣቂዎች ቆመው ነበር፤ የሚያለቅሰውን፣ ደንግጦ የሚቆመውን ለይተው ይይዛሉ። ከዳር ያለው ልጁ ነበር።

«አልቆምሁም» አለ አባቴ። «ቤት ውስጥ ሚስቴና ሁለት ዓመት ያልዘለለች ልጅ አሉ። እንደማላውቀው ሆኜ አለፍሁ። ደብሩ ገብቼ ከመምህራኑ ጋር ቆምሁ፣ ዜማውን አደረስሁ። ስመለስ አንስተዋቸዋል። የት እንደቀበሩት አላውቅም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጸሎት ስሙን የምጠራው ከሙታን ጋር ነው።»

ላቡን በጋቢው ጠረገ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ይከሰስ አይከሰስ እያልሁ የተከራከርሁ ይችን ቃል ሽሽት ነው። አሁን ጻፍ። ሰውየው ይከሰስ። መጥቶ ባይቆምም ይከሰስ። አባት በልጁ ሬሳ አጠገብ ዝም ብሎ እንዲያልፍ ያደረገ ማን እንደሆነ ስሙ ይጻፍ። ያለፍሁ እኔ መሆኔንም ጻፍ።»

አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ አልጮኸችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጥማ እንደተቀመጠች፣ መርማሪው ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ አባቴ ፈረመ፣ እሷም አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች።

በዚያው ዓመት ተዝካሩ ወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ውስጥ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻም ሰውየው በሌለበት ተፈረደበት። እስከ ዛሬ አልመጣም። አሁን አሁን ታክሲ ውስጥ ወጣቶች ስለሱ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ አንዱ ተይዞ ይምጣ ይላል፣ ሌላው እርጅናው ይበቃዋል ይላል። ሐሳቤን ቢጠይቁኝ ይምጣ እላለሁ። ግን አይጠይቁኝም፤ መውረጃዬ ሲደርስ እወርዳለሁ። አባቴም እናቴም ካረፉ ቆዩ። አባቴን ፈሪ ስላልሁት ይቅርታ ልጠይቀው ስል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ አመለጠኝ።

የሚናፍቀኝ ከዚያ ቢሮ ወደ ቤት የሄድንበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ይናፍቃል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይናፍቃል። ሁለቱም በሕይወት ነበሩኛ። አጎቴ ወደ አውቶቡሱ ተለየን። እናቴ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ አባቴ ከኋላ፣ እኔ ከመካከል። ከሰዓት በኋላው ጥላ ሆኖ ከደባት ወገን ብርዳማ ነፋስ ይነፍሳል። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ቆመች። ዞር ሳትል አባቴ እስኪደርስባት ጠበቀችው።

«ምን ለብሶ ነበር?» አለችው።

አባቴ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። «ሹራቡን።»

«ያን ወፍራሙን?»

«ያን ወፍራሙን።»

«ቆልፎታል?»

«ቆልፎታል። እስከ አንገቱ።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ዳገቱን አየችው፤ ከዚያ የአባቴን ክንድ ያዘች። በመንገድ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ክንዱን ስትይዝ አይቻት አላውቅም ነበር።

«እንግዲያ አልበረደውም» አለችና፣ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወጡ።